ሰላምታ ከሸራው ላይ

ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ጭር እንደምትል ያላየ ሰው አያምንም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ በሩን ይዘጋል፣ ወንዱ ጫቱን በብብቱ ሸጉጦ ወደሚቅምበት ቤት ይገባል፣ መንገዱ ለፀሐይና ለፍየል ይለቀቃል። በጃንሆይ ጊዜ፣ ጣሊያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያ ሰዓት ሐሙስ ሐሙስ የእኛ የሴቶች ነበር። ሲኒማ ቤቱ ለእኛ ብቻ ይከፈታል። በሩ ላይ ወንድ ድርሽ አይልም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሶማሌ ሽማግሌ እንኳ ሴቶቹ ሳይመጡ ቀድሞ ገብቶ ከክፍሉ ሳይወጣ ይቆያል፤ አዳራሹን የሚያይባት መስኮት ላይ ጨርቅ ይንጠለጠልበታል። «እኔ ሳላይ ነው የማሳያችሁ» እያለ ሲነጫነጭ ይውላል።

እኔ የሲኒማ ቤቱ ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ። ሐሙስ ግን ሥራዬ ሌላ ነው። ከሸራው ጎን ቆሜ ፊልሙን ለሴቶቹ እተረጉማለሁ፤ አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በኦሮምኛ፣ አንዱን በሶማልኛ፣ አፌ ላይ በመጣልኝ ቋንቋ። ፊልሞቹ አብዛኛዎቹ የህንድ ነበሩ። ታዲያ ህንድኛ ትችያለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አንዲት ቃል አልችልም። ፊታቸውን አያለሁ፣ እጃቸውን አያለሁ፣ ከዚያ የቀረውን ከራሴ እሞላለሁ። አማቲቱ ስትቆጣ እኔ የመጋላ ሰፈር አማት አደርጋታለሁ፣ ፍቅረኛው ሲለማመጥ የቀፊራ ገበያ ነጋዴ አስመስዬ አስለምነዋለሁ። ሴቶቹም ያውቃሉ። ሲወጡ «አቦ! ዛሬ አሳምረሽ ዋሸሽ» ብለው ትከሻዬን ይመቱኛል። እንዲህ ያለ ምስጋና ከዚያ ወዲህ ከማንም አላገኘሁም።

ፊልሙ ሲጀምር የሚወጡትን ስሞችም አንብቢልን ይሉኛል። ፈረንሳዮቹ ትምህርት ቤት ስለተማርኩ የፈረንጅ ፊደል አነባለሁ። አንድ ቀን ከሦስተኛው ረድፍ «ይሄ መጨረሻ ላይ ብቻውን የሚወጣው ስም የማነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«የዳይሬክተሩ ነው።»

«ምን ይሠራል?»

«ያዛል። ቁሚ ይላል፣ ሂጂ ይላል፣ አልቅሺ ይላል።»

«ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው። ሁሌም ወንድ ነው፣ አዴ።»

«ለካ!» አለች። «እኔ እኮ እነዚህ ሴቶች ምን ዓይነት ለቅሶ ነው የሚያለቅሱት እያልኩ እገረም ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ቤቴ ከገባሁም በኋላ አልለቀቀኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊልም ሳይ ሌላ ነገር ማየት ጀመርኩ። ይቺን ሴት ለምን ከመስኮቱ ራቅ አድርጎ አቆማት? እኔ ብሆን ከበሩ ላይ አላቆማትም ወይ? ለማንም ግን አልተናገርኩም። ማን ይሰማኛል? ያኔ ካሜራ ይዞ የሚመጣው ወይ ፈረንጅ ነው ወይ ውጭ የተማረ የትልቅ ሰው ልጅ፤ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ ያውም ቲኬት ቆራጭ፣ ፊልም አዛለሁ ብትል ፀሐይ መታት ነው የሚባለው።

ያቺ ከሦስተኛው ረድፍ የተናገረችው ሴት የእናቴ ታላቅ እህት ናት። አክስቴ መሆኗን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ አዳራሹም ያውቃል፤ አንድም ቀን ግን ተነጋግረንበት አናውቅም። እኔ «አዴ» እላታለሁ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሴት ሁሉ አዴ ስለሆነች ቃሉ አያስጠይቅም። እሷም «አንቺ ልጅ» ትለኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የጀልዴሳ ልጅ ናት። ወላጆቿ ሲሞቱ እህቷ መጋላ አምጥታ አሳደገቻት። አድጋ አባቴን ወደደች። አባቴ ባቡር ላይ የሚሠራ ክርስቲያን ነው፣ እሷ እስላም ናት። እህቷ እምቢ አለች፣ እናቴ ሄደች። ቤታችን ውስጥ ሰላትም ጾምም ነበር፣ አንዱ ሌላውን አስቀይሞ አያውቅም። አክስቴ ግን ያን ዕለት ሰላምታዋን ዘጋች። ስድብ የለ፣ እርግማን የለ፣ ሰላምታ ብቻ። ሌላ አገር ይሄ ቀላል ይመስል ይሆናል። ድሬ ውስጥ ሰላምታ የተነሳው ሰው በቁሙ የሞተ ነው። እናቴ ቀፊራ ገበያ ባገኘቻት ቁጥር እጇን ዘርግታ «ነገያ ጅርታ? ደህና ነሽ?» ትላታለች፤ አክስቴ በእናቴ ራስ ላይ አሻግራ እያየች የሽንኩርት ዋጋ ትጠይቃለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ይሄንን ነው። «እማዬ፣ ለምን አትተያትም?» እላታለሁ ንድድ ብሎኝ። «የእሷ አለመመለስ የእሷ ነው፤ የእኔ ሰላምታ የእኔ ነው» ትለኛለች።

አሁን ወደ ሙሴ ልምጣ። በድሬ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው፤ የእኛ ሙሴ ሲኒማ ቤቱም፣ ከዚራ ያለው ትልቁ የጨርቅ መደብርም የእሱ የሆነ ግሪክ ነበር። ጨርቁን በሲኒማው ለማስተዋወቅ ፈልጎ ከውጭ የመጡ ረክላሞችን ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ያሳያል። ሐሙስ ሐሙስ ግን ረክላሙን የሚያይ የለም። ምክንያቱ ሰላምታ ነው። ዘግይታ የገባች ሴት ዝም ብላ አትቀመጥም። ከኋላ ረድፍ ጀምራ እጅ እየሳመች፣ እጇን እያሳመች፣ በኦሮምኛ ጀምራ በሶማልኛ ቀጥላ በአማርኛ እየጨረሰች ትመጣለች። ልጆችሽስ? ቤትሽስ? ያ ያመመሽ ጉልበትሽስ? የተቀመጡትም አንድ በአንድ ይመልሳሉ። ረክላሙ በዚህ መሀል ይመጣል፣ በዚህ መሀል ያልቃል። ሙሴ ፀጉሩን እየነጨ «ኦ ላላ! ጨርቁን የምትገዛው እኮ እሷ ናት፣ እሷ ናት የማታየው!» ይላል።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ዳይሬክተር አስመጣ። እዚሁ ድሬ፣ በእኛው ሴቶች፣ አዲስ ረክላም ይሠራል ተባለ።

ዳይሬክተሩ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ከባቡር ወረደ። ውጭ አገር ፊልም የተማረ ወጣት ሰው ነው። አስተርጓሚው እንድሆን ሙሴ አዘዘኝና «እንደምን ዋልክ?» አልኩት። ደንግጦ አየኝ። እኛ ድሬዎች አንቱታ ላይ ብዙም አይደለንም፤ እሱ ደግሞ ከቤተ መንግሥት ሰፈር ነው የመጣው። ከዚያ ሳቀና «ይሁን፤ ከረባቱንም አብረን እንፍታው» ብሎ ከረባቱን ኪሱ ከተተ። እኔ ያን ጊዜ ወደድኩት፤ እንደ ወንድም።

ካሜራውን ቀፊራ ወሰደ። ገበያተኞቹን በሙሴ ጨርቅ አለበሰ፣ «ካሜራውን እንዳታዩ፣ እንደ ወትሯችሁ ሁኑ» አላቸው፣ እኔ ተረጎምኩ። ፊልሙ ለመታጠብ ተልኮ እስኪመለስ ሳምንታት ፈጀ። ሲመጣ እሱና እኔ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን አየነው። ወይ ጉድ! እነዚያ ሲጣሉ ከተማ የሚያናውጡ፣ ሲስቁ ጣሪያ የሚያነሱ ሴቶች ለመታወቂያ ፎቶ የተሰለፉ መስለው ቆመዋል። አንዷም ዓይኗን አታርገበግብም። አሁን «ባላገሮች» ይላል ብዬ ጠበቅኩት። ቢል ኖሮ መልሱን አዘጋጅቼለት ነበር።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ። ደግሞም «ባለፈው ሐሙስ ከውጭ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስሰማሽ ነበር» አለኝ።

«ምን ሰማህ?»

«ህንድኛ እንደማትችዪ ሰማሁ።»

ክው አልኩ። «ማን ነገረህ?»

«ያንን ፊልም ተማሪ ሳለሁ አይቼዋለሁ። አንቺ የተናገርሽው ሌላ ታሪክ ነው። ያንቺ ይሻላል።» ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ይሄን ረክላም አንቺ ሥሪው። እኔ ካሜራውን እይዛለሁ፣ አንቺ ታዢያለሽ።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ፤ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። «ስማ፣ ከአዲስ አበባ መጥተህ በሰው ልጅ አትቀልድ!» አልኩት። አልተቆጣም። ውጭ አገር ሲማር ከክፍሉ ጥቁር እሱ ብቻ እንደነበረ፣ ሌሎቹ በየተራ ፊልም ሲያዝዙ እሱን ሣጥን ያሸክሙት እንደነበረ ነገረኝ። አንድ ቀን ሽማግሌ አስተማሪያቸው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ «ዛሬ ደክሞኛል፣ አንተ ምራልኝ» አለው።

«ደክሞት ነበር?» አልኩት።

«የት ደክሞት! ቦታ መልቀቁ ነው።» ከዚያ እግሩን ዘርግቶ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «እኔም ዛሬ ደክሞኛል» አለ።

እግዜር ይስጠው። ባለበት እግዜር ይስጠው እላለሁ ዛሬም። እንዲህ በቀላሉ፣ ውለታ እንደዋለልኝ እንኳ ሳያስመስል ነው የሰጠኝ።

ሙሴ ግን ሰማይ ምድሩን አናወጠው። «ቲኬት ቆራጯ? ሴት? ነገ ደግሞ ፍየሏ ካሜራ ትያዝ!» ዳይሬክተሩ ጥርሱን ነክሶ «እሷ ካልሠራችው እኔም ነገ በባቡር እመለሳለሁ» አለው። ሙሴ ነጋዴ ነውና መሀል መንገድ አገኘ። ረክላሙን እኔ እሠራዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሐሙስ ለሴቶቹ ይታያል። ሴቶቹ እንደ ወትሯቸው ሳያዩት ከቀሩ ወይም ጥለው ከወጡ፣ ፊልሙ ይጣላል፣ እኔም ወደ ቲኬቴ እመለሳለሁ፣ ዳግመኛ ስለ ካሜራ አላነሳም። ካዩት ግን የሚቀጥለውን፣ ሊሸጥ ያሰበውን የሳሙናውንም ረክላም እኔ እሠራዋለሁ። እጅ ተጨባበጥን።

ማታ አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ድክም ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ግን ሐሳቡ ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ ጠበቀኝ። ሴቶቹ ረክላሙን የማያዩት ሰላምታ ስለያዛቸው አይደል? እንግዲያው ረክላሙ ራሱ ሰላም ይበላቸው! የሙሴን ጨርቅ የለበሰች ሴት ገበያውን አቋርጣ ትምጣ፣ ካሜራው ጋ ስትደርስ እጇን ትዘርጋ፣ ዓይናቸውን አይታ ሰላም ትበላቸው። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም፤ ሰላምታውን እኔ ከሸራው ጎን ቆሜ እላለሁ። ለዳይሬክተሩ ስነግረው «ካሜራ ውስጥ አትዩ ብለው ነው ያስተማሩን» አለና ራሱን አከከ። «ግድ የለም፣ አዛዧ አንቺ ነሽ።»

ቀፊራ ወረድን። በገበያው የግንብ ቅስቶች ሥር የሚሄዱት ሴቶች በዚህ ጊዜ ሰላም ብለን፣ ተቀምጠን፣ ተጫውተን ስለጀመርን እንደ ልባቸው ሆኑ። ወተት ሻጯ ጨርቁን እያሽሞነሞነች ዞረች፣ ሌላዋ ስቃ አፏን በሻሿ ያዘች፣ ሁሉም ጥሩ። ሰላምታው ላይ ስንደርስ ግን ተበላሸ። አንዷም እጇን ለካሜራው አትዘረጋም። አንዷ «እንዲያው ዓይን ብቻ ያለው ነገር ነው፤ እጅ የለው፣ አፍ የለው፣ ማንን ነው ሰላም የምለው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከሌንሱ ሥር ራሴን አጎንብሼ «እኔን በሉኝ» አልኩ። እኔን ይሉኛል፣ ዓይናቸው ግን ሌንሱን ይስታል። ፀሐይዋ ወደ አናት እየወጣች ነው፣ ፊልሙ እያለቀ ነው፣ እኔም ለእንባ ትንሽ ቀርቶኛል። በገበያው ሁሉ ፊት «አልቻለችም» የሚባል ነገር መጣብኝ።

እናቴ ምሳ ይዛልኝ የመጣችው ያኔ ነው። ፊቴን አየችና «ምን ሆነሽ ነው?» አለች። ነገርኳት።

«አቦ! ይሄ ምን ይከብዳል?» አለች። ሰሃኑን መሬት አስቀመጠች፣ አዲሱን ሻሽ ከአንዷ ራስ ላይ ወስዳ አሰረች፣ ጨርቁን ተከናነበች። «እኔ መልስ የማይሰጠውን ሰላም ማለት ለምጄዋለሁ።»

በቅስቱ ሥር ሄደች። ዞረች። ወደ ካሜራው መጣች፣ እጇን ዘረጋች፣ በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ እያየች «ነገያ ጅርታ?» አለች። ድምጿ እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ቅር ያላለው፣ ተስፋም ያልቆረጠ። ዳይሬክተሩ ካሜራውን ካቆመ በኋላ እንኳ ዓይኑን ከመመልከቻው ላይ አላነሳም። እዚያ የቆሙት ሁሉ እናቴ ማንን ሰላም እንዳለች ገብቷቸዋል።

እኔ ግን ገና ወደ ቤት ስንሄድ ነው የገባኝ። አክስቴ ሐሙስ ከሦስተኛው ረድፍ ትቀመጣለች። እሷ ከተነሳች ረድፉ ይነሳል፣ ረድፉ ከተነሳ አዳራሹ ይነሳል፤ አንድ ጊዜ አንድ መሳሳም ያለበት ፊልም ላይ ተነስታ አዳራሹን ባዶ አድርጋው ታውቃለች። ያቺን የማታያትን እህቷን፣ ከሰው ሁለት እጥፍ ገዝፋ፣ ፊት ለፊቷ ላቆምባት ነው። ለዳይሬክተሩ ሁሉንም ነገርኩት። «ቆርጠን እናውጣው?» አለኝ። እናቴን ጠየቅኳት። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። እኔ ከሠራሁት ሁሉ እውነተኛው እሱ ብቻ ነው አልኳት። «እንግዲያው ይታይ» አለች። ውሳኔው ግን የእኔ ነበር፤ ዳይሬክተር መሆን ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ፊልሙ ታጥቦ ተመለሰ፣ ሐሙሱም ደረሰ። ዳይሬክተሩ ወንድ ነውና አይገባም፤ ከውጭ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ። ሙሴም ከቲኬት መቁረጫው ውስጥ ሆኖ እያላበው ሚስቱን ልኮ ይሰልላል። ሴቶቹ ከመጋላ፣ ከከዚራ፣ ከሳቢያን መጡ፣ አክስቴም መጥታ ቦታዋን ያዘች። መብራት ጠፋ፣ ረክላሙ ጀመረ፣ እንደ ልማዱም ዘግይተው የገቡት ሰላምታቸውን አጧጧፉት።

ከዚያ አንዷ «እንዴ! ያቺ ወተት ሻጯ አይደለችም?» ስትል ሰማሁ።

«ኧረ ወላሂ ናት!»

«እዩዋት ስትሽሞነሞን!»

ሰላምታው ተቋረጠ። የቆሙት ባሉበት ተቀመጡ። ራሳቸውን፣ ገበያቸውን፣ ጎረቤታቸውን ሸራ ላይ አዩ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። ሳቁ፣ ስም ጠሩ፣ አጨበጨቡ። እኔም አብሬ ስስቅ እናቴ በቅስቱ ሥር ብቅ አለች።

ሳቁ ቆመ። መጋላ ሙሉ ታሪኩን ያውቃል። በጨለማው ውስጥ ራሶች ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሲዞሩ ይታየኛል። እናቴ መጣች፣ ቀረበች፣ እጇ ሸራውን ሞላው፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሰላምታውን የምለው እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። እኔ፣ ህንድኛ ሳልችል ዓመታት ስለፈልፍ የኖርኩት፣ የእናቴን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ።

«ነገያ» አለ አንድ ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ።

ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ ከፍ አለ። «ነገያ። አቲ አከም ጅርታ? አንቺስ እንዴት ነሽ?»

የእናቴን ድምፅ ማንም አላሰማትም፤ ከከንፈሯ ነው ያነበበችው። ረክላሙ ወደ ጨርቁ ሄደ፣ የመደብሩ ስም ወጣ፣ አለቀ፣ ሸራው ነጭ ሆነ። አክስቴ ግን አላቆመችም። ከነጩ ሸራ ጋር እየተነጋገረች ሰላምታውን በወጉ ቀጠለች። «ልጆችሽስ? ቤትሽስ?» ከዚያም «ባልሽስ? እሱስ ደህና ነው?»

ከዚያ በኋላ አዳራሹ ማን ሊያስቆመው! ሁሉም መለሰ። በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛ፣ በአረብኛ፤ እኔ ከሸራው ጎን ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሽማግሌው ከማሽኑ ክፍል ጨርቁን ገልጦ «ምንድነው፣ ተቃጠለ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። አንዷ «ዝጋ አንተ!» አለችው።

ዋናው ፊልም ሲጀምር አክስቴ ተነሳች። ረድፉ ግን አልተነሳም። ብቻዋን በጨለማው ውስጥ ዳብሳ እኔ ጋ መጣችና ክንዴን ያዘች።

«አንቺ ልጅ። ቤታችሁ በየት በኩል ነው?»

«ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው፣ አዴ።»

«ምሪኝ።»

«ፊልሙስ? ማን ይተረጉምላቸዋል?»

ከፊት ረድፍ የተቀመጠችው ሰምታን ኖሮ «ኧረ ሂጂ! አንቺም አታውቂው፣ እኛም አናውቀው፣ ራሳችን እንዋሻለን!» አለች።

ስንወጣ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች። ዳይሬክተሩ ከዛፉ ሥር ብድግ አለ፤ ጩኸቱን ሰምቶ ያለቀልን መስሎት ፊቱ አመድ ሆኗል። «እህ?» አለኝ። «መለሱላት» አልኩት። አክስቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። «ሂጂ፣ ለሙሴ እኔ እነግረዋለሁ» አለ።

ነገረውም። ሙሴም ቃሉን አከበረ። ሳሙናውን ሠራሁት፣ ከሳሙናው በኋላም ሌሎች ሠራሁ፤ አንዱ ሐረር ታየ፣ አንዱ አዲስ አበባ ደረሰ። ሙሴ በመጀመሪያው ረክላም ላይ የተማረው ሰው ስም እንዲጻፍ ፈልጎ ነበር፤ ዳይሬክተሩ «እኔ ካሜራ ያዥ ነኝ» ብሎ ከእኔ ስም ሥር በትንሽ ፊደል ስሙን አጻፈ። ረጅም ፊልም ሠርቼ አላውቅም፤ ያ በር ለእኔ ዓይነት ሰው ያኔ አልተከፈተም ነበር፣ ቢከፈት ኖሮ ምን እንደምሠራም አውቅ ነበር። አንዳንዴ ያናድደኛል። የሚበዛው ግን ምስጋናዬ ነው። አንድ ሰው ሳይደክመው ደክሞኛል ብሎ ተቀመጠልኝ፤ እሱ ባይቀመጥ ኖሮ ያ የእናቴ እጅ ሸራ ላይ አይወጣም ነበር።

ያን ዕለት ከአክስቴ ጋር ባዶውን መንገድ ይዘን ሄድን። ከግቢያችን ስንደርስ እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር። ጎንበስ እንዳለች የእግር ድምፅ ሰምታ ቀና አለች።

አክስቴ በሩ ላይ ቆመች። «ነገያ ጅርታ?» አለቻት።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቀድማ ሰላም የምትለው እሷ ነበረች፤ ከዚህች ሴት ሰላምታ ቢመጣ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አታውቅም። የሳሙና አረፋ ያለበትን እጇን ዘረጋች። አክስቴም እርጥቡን እጅ ተቀብላ ሳመችው።